የድሬሰር ኡቻላ ቻርጀር

“ለሞተ ሰው ቻርጀር አይገዛም፣ ብርቄ። ብርሽን ያዢ።”

ባለሱቁ ጋሽ ሰይድ ነው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ፊት ለፊቴ እንዲህ ያለኝ። የኩሌ ካምፕ መንገድ አቧራ ገና ከቅንድቤ አልረገፈም ነበር። ከመኪና ወርጄ እናቴ ጋ እንኳ ሳልደርስ በቀጥታ ወደ ሱቁ መጣሁ። ሰላምታም አላስቀደምኩም፤ “ያችን ባለ ገመዷን ቻርጀር ስጠኝ፣ ለድሬሰር ናት” ነው ያልኩት። እሱ ወደ መደርደሪያው መዞሩን ትቶ እኔን ያየኝ ጀመር።

“ማነው የሞተው?” አልኩት።

“አልነገሩሽም እንዴ?”

“እኛ ጋ ኔትወርክ መቼ አለና።”

“ወባ ነው። ሰውን ሁሉ ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ሂጂ እያለ፣ እሱ ራሱ ዛሬ ነገ ሲል። ሱቁን ዘግቼ ነው ቀብሩ ላይ የተገኘሁት። ነፍስ ይማር።”

እኔ ሰው ፊት የማለቅስ ዓይነት አይደለሁም። ባንኮኒው ላይ የተደረደሩትን የስልክ ሽፋኖች እያነሳሁ መመለስ ያዝኩ። ሌላ ቀን ቢሆን “አታበላሺብኝ” ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ተወኝ።

ድሬሰር ኡቻላ ጎረቤታችን ነበር። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ ከባሮ ወንዝ ዳርቻ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከድሮው ወደብ ብዙም ሳይርቅ፣ የእኛንና የእነሱን ግቢ አንድ የሸንበቆ አጥር ይለያቸዋል። በወጣትነቱ ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ ሰው ነበር። እንደሱ ያሉትን ያኔ ድሬሰር ይሏቸው ስለነበር፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ስሙ ሆኖ ቀረ። አኙዋክ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዱካ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩ ሊደርስ ምንም የማይቀረው። አማርኛው አጭር ነው። ሌላው ሰው ግማሽ ቀን የሚያወራበትን ነገር እሱ በሦስት ቃል ይጨርሰዋል። ሲናደድብኝ ደግሞ “አንቺ” የሚለው ይጠፋበትና “አንተ፣ ዝም በል” ይለኛል። እኔም “እሺ ጌታዬ” እለዋለሁ። ሚስቱ እማማ አሪየት ከጓዳ ሆና ስትስቅ ይሰማል።

ጡረታ ሲወጣ ያለውን አጠራቅሞ የደም ግፊት መለኪያ ገዛ። በክንድ ላይ የሚጠቀለል ጨርቅ ያለው፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ማሽን ነው። ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ሁለት ዱካ አኖረ፣ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለሚለካው ሰው። ከዚያ ወዲያ የሠፈሩ ሰው ጠዋት ጠዋት ወደ ማንጎው መምጣት ልማዱ ሆነ። ክፍያ አይጠይቅም። ያለው ዓሣ፣ ያለው በቆሎ ያኖራል፤ የሌለው “ሰላም ዋል” ብሎ ይሄዳል።

ግን ማንንም መጥቶ ወዲያው አይለካም። መጀመሪያ ያስቀምጣል። እግር መሬት፣ ጀርባ ግንድ ላይ፣ አፍ ዝም። ሰዓት የለውም፤ ሰዓቱ የወንዙ መንገድ ነው። ከታች ውኃ የተሸከመች ሴት ብቅ ስትል በአገጩ ያመለክታል። ሴትዮዋ አቀበቱን ወጥታ በአጥራችን በኩል እስክታልፍ ድረስ የተቀመጠው ሰው ትንፍሽ አይልም። ከተናገረ፣ ቢያስነጥስ እንኳ፣ ድሬሰር ጨርቁን መልሶ ይጠቀልልና ሌላ ሴት ይጠብቃል።

አንድ ባለ ባጃጅ ነበር፣ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ “ቶሎ በለኝ፣ ተሳፋሪ አለኝ” የሚል። ተቀመጠ። ሴትዮዋ ብቅ አለች። ስልኩ ጮኸ። አነሳው። ድሬሰር ጨርቁን ጠቀለለ። ሌላ ሴት መጣች። ተሳፋሪው ከውጭ “ወንድም፣ እንሂድ እንጂ” አለ፣ ባለ ባጃጁም “መጣሁ!” አለ። ድሬሰር እንደገና ጠቀለለ። በመጨረሻ ተሳፋሪው ራሱ ወርዶ መጥቶ፣ “ኧረ እኔንም ለካኝ” ብሎ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። ሁለቱም ዝም አሉ። ድሬሰር ያን ቀን ጥርሱ ታየ፣ የላይኛው ብቻ።

ለሚያፍሩ ሴቶችና የወንድ እጅ ለማይነካቸው እማማ አሪየት ናት ጨርቁን የምታስረው። እሱ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ይቆማል። እሷ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትጠራለች፣ እሱ አጥሩን እያየ “ደህና” ወይም “ጨው ተዪ” ይላል።

እኔ ተለክቼ አላውቅም። ሞክሬያለሁ። ወይ እግሬ ይወዛወዛል፣ ወይ “ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው የምትንቀራፈፈው” እላለሁ። ድሬሰር ሁሌም ከማስቀመጡ በፊት ያውቃል።

“አንቺ አትታመሚም” አለኝ አንዴ። “ከታመምሽ ግን መድኃኒቱ መቀመጥ ነው። እሱን ደግሞ አትውጪውም።”

የድንጋዩ ነገር የጀመረው በእናቴ ነው። እናቴ ደም ብዛት አለባት። አንድ ጠዋት ጭንቅላቷን ይዛ በሸንበቆው ክፍተት አልፋ እነሱ ጋ ገባች፤ እኔ ከኋላዋ። ድሬሰር አስቀመጣት፣ ጠበቀ፣ አሰረላት፣ ማሽኗን ነካት። ጨርቁ ተነፋ፣ ተነፋ፣ መሃል ላይ ሲደርስ ፊስስ ብሎ ተኛ። እንደገና ነካት። እንደገና ተኛ። ድንጋዩ አልቋል።

ድሬሰር እንደ ሠፈሩ ሰው ሁሉ የደከመ ድንጋይ አይጥልም ነበር። ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ፀሐይ ያሰጣዋል። የጋምቤላ ፀሐይ ደግሞ ታውቃላችሁ። የተሰጣ ድንጋይ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ ሬዲዮ ያስጮሃል፣ ከዚያ መልሶ ይሞታል። ያን ቀን ጣሪያው ላይ ያሉትን ሁሉ አወረደ፤ አንዱም አልሠራም። በኋላ እማማ አሪየት የሬዲዮዋን ጀርባ ከፍታ ድንጋዮቹን አውጥታ ሰጠችው። ማሽኗ ተነፋች። ቁጥሩን አየ። የእሱ ፊት ቁጥር አይቶ አይለወጥም፤ ያን ቀንም አልተለወጠም።

“ዛሬ ሂጂ” አላት። “ነገ አይደለም።”

ሄደች። ጤና ጣቢያ ወዲያው አስተኟት፣ ኪኒኗንም ቀየሩላት። ሐኪሙ “ማን ላከሽ?” ሲላት “ድሬሰር” አለች፤ ሐኪሙም ሌላ አልጠየቀም።

ከዚያ በኋላ ድሬሰር ድንጋይ ጠላ። “ማሽን አይዋሽም። ድንጋይ ይዋሻል” እያለ ማንጎው ሥር ብቻውን ሲያጉረመርም ይሰማል። በየሳምንቱ አዲስ ለመግዛት ጡረታው አይበቃም። ይሄኔ ነው አብራው ትሠራ የነበረች ነርስ ወደ አገሯ ስትመለስ አራት የሚሞሉ ድንጋዮች የተወችለት። የሚሞሉ መሆናቸውን ነግራዋለች። በምን እንደሚሞሉ ግን ወይ አልነገረችውም፣ ወይ እሱ ዝም በይ ብሏታል።

አልቀው ሲያገኛቸው ምን ያደርጋል? ጣሪያ ላይ አሰጣቸው። ከጠዋት እስከ ማታ፣ ቆርቆሮው እጅ በሚልጥበት ፀሐይ። “እነዚህ ጥሩ ናቸው፣ ብዙ ፀሐይ ይችላሉ” እያለ ደጋግሞ አሰጣቸው። እኔ መሰላሉ ላይ ወጥቼ ሳይ የአንደኛው ድንጋይ ልባስ ተኮማትሯል።

“ድሬሰር፣ ብቅል ነው እንዴ የምታሰጣው?” አልኩት ከላይ ሆኜ። “ይሄ እኮ እንደ ስልክ ቻርጅ ይፈልጋል።”

“ፀሐይ ቻርጅ ነው” አለ።

“ፀሐይ አንተንም አላሳደገችህም፣ አከሳችህ እንጂ።”

“አንተ፣ ውረድ።”

በማግስቱ በካውያ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። “ሱቅ ነይ” አለኝ። እሱ የከተማ ዋጋ መከራከር አይችልም፣ ያሉትን ይሰጣል፤ እኔን ያስከተለኝ ምላሴን አይቶ ነው።

ጋሽ ሰይድ ሦስት ዓይነት ቻርጀር አወጣልን። አንደኛዋ ርካሿ ነች፤ ግድግዳው ላይ እንዳለች የምትሰካ፣ ድንጋዮቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋ የምትሞላ፣ አንድ ቀይ መብራት ያላት። ብትሞላም ባትሞላም መብራቷ ያው ቀይ ነው። ሁለተኛው ትልቅ ነው፣ በአንድ አፍታ ይሞላል የሚባልለት፣ ዋጋውም እንደዚያው። ሦስተኛዋ ትንሽ ነች፤ በስልክ ገመድ ትሠራለች፣ አራት ቤት አላት፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ መብራት አለው፣ ሲሞላ አረንጓዴ ይሆናል። ቀርፋፋ ነች።

“ሰካቸው” አለ ድሬሰር።

“ሁሉንም?” አለ ጋሽ ሰይድ።

“ሁሉንም።”

ከመደርደሪያው ላይ ለናሙና የተቀመጡ ድንጋዮች ገቡባቸውና ተሰኩ። ድሬሰር የሱቁን በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። እግር መሬት፣ ጀርባ ግድግዳ ላይ። እኔ መናገር ስጀምር ጣቱን አነሳ።

“ወላሂ ሱቄን ጤና ጣቢያ አደረግከው” አለ ጋሽ ሰይድ። ደንበኞች ሲገቡ በሹክሹክታ ማስተናገድ ያዘ፣ እሱም ሳያውቀው። አንዲት ሴትዮ “የታመመ ሰው አለ?” ብላ ጠየቀችው።

ቆይቶ ድሬሰር ተነሳና የእጁን ጀርባ በየተራ አስነካቸው፣ የሕፃን ግንባር እንደሚነካው። ትልቁ ላይ እጁን ቶሎ አነሳ። “ትኩሳት አለው” አለ። ርካሿንም ነካ፤ “ትንሽ” አለ። ባለ ገመዷንም ነካ። እሷ ላይ እጁን አቆየው።

“እንግዲህ እሷ ነች” አልኩ። “መብራት ሲጠፋም በሶላራችሁ ትሠራለች። ስልክ የምትሞሉበት ሶላር አላችሁ አይደል? ገመዱ ያው ነው። ሌሎቹ የግድግዳ መብራት ከሌለ ዋጋ የላቸውም። በዚያ ላይ አንዱ ድንጋይ ቢበላሽ ለብቻው ይታወቃል።”

ይሄን ስናገር መብራት ጠፋ። ጋሽ ሰይድ ሳቀ፤ “አይ ብርቄ፣ አንቺ ነሽ ያስጠፋሽው” አለኝ።

ዋጋዋን ተከራከርኩ፤ ወረደች፤ ግን ርካሿ ጋ አልደረሰችም። ድሬሰር ሁለቱን በሁለት እጁ ይዞ መዘናቸው። ከዚያ ባለ ገመዷን ቀስ አድርጎ ባንኮኒው ላይ መልሶ አስቀመጠ፤ ርካሿን ኪሱ ከተተ።

“ለምን?” አልኩት መንገድ ላይ። “ለምን ትሞኛለህ?”

ዓሣ ተራ ገባና በቀረው ብር ትልቅ ዓሣ ገዛ፣ ክንዱን የሚያህል። ማታ እኛንም፣ ያን ባለ ባጃጁንም፣ ሬዲዮዋ ዝም ያለባት እማማ አሪየትንም ማንጎው ሥር አስቀምጦ አበላን። “ይሄ ዛሬ ይበላል” አለኝ አንገቱን ወደ ዓሣው ነቅንቆ። “ቻርጀር ነገም አለ።” ዛሬም ድረስ ተናድጄበታለሁ። የዓሣው ጣዕም ግን አልጠፋኝም።

ርካሿ አላስቸገረችም ማለት አልችልም። ጥንድ ጥንድ ነው የምትሞላው፤ ፀሐይ የበላው ድንጋይ ደግሞ አብሮት የገባውን ጤነኛ ያስርበዋል። ማሽኗ ሁለት ሰው ለክታ ሦስተኛው ላይ ፊስስ ትላለች። እናቴ ቀድማ ለመለካት ጎህ ሲቀድ አጥሩ ጋ መቆም ጀመረች። እኔ ያመለከትኩትን የኩሌ ስደተኞች ካምፕ ሥራ ባገኝ በመጀመሪያ ደሞዜ ባለ ገመዷን እንደምገዛ ለራሴ አልኩ። ለእሱም ነገርኩት። “እናያለን” አለ።

ሥራው ተገኘ። ካምፑ ውስጥ ለስደተኞች ሳሙናና ባልዲ በሚያድል መጋዘን። ልሄድ ስል ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ በሸንበቆው ክፍተት ገባሁ።

“ልለካሽ” አለኝ። “ሩቅ ነው የምትሄጂው።”

“ኩሌ እኮ ነው፣ ድሬሰር። ኢታንግን አልፎ።”

“ተቀመጪ።”

ተቀመጥኩ። እግር መሬት፣ ጀርባ ግንድ ላይ። ከታች አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካን ተሸክማ ብቅ አለች። አቀበቱን ጀመረች። ጸጥ አልኩ፤ ከልቤ ሞከርኩ። የባሮ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር፤ ለካ ከግቢያችን ይሰማል። ሴትዮዋ ግማሽ መንገድ ላይ ጀሪካኑን አውርዳ ከሌላ ሴት ጋር ወሬ ያዘች።

“አሁንስ አበዛችው” አልኩ።

ድሬሰር ጨርቁን ከክንዴ ፈታ፣ ቀስ ብሎ ጠቀለለው፣ ቦታው መለሰው። አልተቆጣም።

“ስትመለሺ” አለኝ።

ኩሌ ወረፋ ብዙ ነው። ሰው ይጮሃል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ እኛም ላንቃችን እስኪደርቅ እንጮሃለን። አንዳንድ ቀን ባልዲ እያቀበልኩ፣ ማንጎው ሥር ጣቱን አንስቶ ዝም የሚያሰኘኝ ሰው ይናፍቀኝ ነበር። አፏ የማያርፍ ልጅ እንዴት ዝም የሚያሰኛት ሰው እንደሚናፍቃት እኔም አልገባኝም። አንድ ጊዜ በወረፋው ላይ አንዲት ረጅም ሴትዮ ውኃ ተሸክማ ከዳገቱ ስትወጣ አየሁ፤ ተራዋ ደርሶ እኔ ጋ እስክትመጣ ሳልናገር ቆየሁ። ጓደኛዬ “አመመሽ?” አለችኝ።

እንግዲህ ያን ጊዜ ሁሉ እሱ የለም ነበር ማለት ነው።

“ለእሱ አልኩህ እንጂ ለማሽኗ ናት” አልኩት ጋሽ ሰይድን፣ የስልክ ሽፋኖቹን ትቼ። “እናቴ አሁን የት ነው የምትለካው?”

ወደ መደርደሪያው ዞረ። ከዚያ ባለ ገመዷን አወረደ። አራት አዳዲስ የሚሞሉ ድንጋዮች አብሮ አደረገ። እኔም አልተከራከርኩም፣ እሱም ዋጋ አላበዛም። “አሪየትን ሰላም በይልኝ” አለ።

እማማ አሪየት ማንጎው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ዓሣ ትበልታለች። ስታየኝ አልተነሳችም፤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አንገቴን ሳበችና ግንባሬን ግንባሯ ላይ አደረገችው። ከዚያ ለቀቀችኝ። ሁለቱ ዱካዎች እንዳሉ ናቸው።

“ሰው ይመጣል” አለችኝ። “እመልሳለሁ። ማሽን ሞቷል እላለሁ።”

“አልሞተም። የሞተው ድንጋዩ ነው።”

ማሽኗን በላስቲክ ጠቅልላ ከጓዳው ግድግዳ ሰቅላት ነበር። አወረደችልኝ። ድሮ ስልክ ይሞሉበት የነበረውን ትንሹን ሶላር አመጣሁ። የት እንደማደርገው ዓይኔን ሳዟዙር እማማ አሪየት በአገጯ ጣሪያውን አሳየችኝ። የእሱ አገጭ ነው።

መሰላሉን ወጣሁ። ድንጋዮቹን ያሰጣበት የነበረው ቦታ ላይ አቧራው ክብ ክብ ሆኖ ይታያል። ሶላሩን እዚያው አጋደምኩት። ገመዱን ወደ ታች ለቅቄ ቻርጀሯን ጥላ ውስጥ፣ የእሱ ዱካ ላይ አስቀመጥኩ። አራቱም ቤቶች ቀይ በሩ። እናቴ በሸንበቆው ክፍተት መጣች፣ አቀፈችኝ፣ ቀይ መብራቶቹን አየችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ፀሐዩ ሲዞር ሶላሩን አዞርኩት። እማማ አሪየት ዓሣውን ቆራርጣ ጨርሳ እጇን ታጠበች። መጀመሪያ አንዱ አረንጓዴ ሆነ። ሌሎቹ ዘገዩ። የኢታንግ የመጨረሻ መኪና ልትወጣ ነበር፤ ነገ ጠዋት መጋዘን መግባት አለብኝ። ግን ለማንም አልተናገርኩም።

አራተኛው አረንጓዴ ሲሆን እማማ አሪየት ድንጋዮቹን እየነቀለች ማሽኗ ውስጥ አስገባቻቸው። የእሱ ዱካ ላይ ተቀመጠች። በአገጯ ሌላውን ዱካ አሳየችኝ።

“ተቀመጪ።”

“እናቴ ትቅደም።”

“አንቺ ተቀመጪ።”

እግሬን መሬት አደረግኩ፣ ጀርባዬን ግንዱ ላይ። ጨርቁን አሰረችልኝ። ከታች፣ ከወንዙ በኩል አንዲት ወጣት ሴት በራሷ ላይ ውኃ ተሸክማ ብቅ አለች። አቀበቱን ጀመረች። መሃል ላይ ቆመች፣ ማሰሪያዋን አስተካከለች፣ ከምትወርድ ሴት ጋር ጨዋታ ያዘች፣ ደግሞ ሄደች። በአጥራችን በኩል አለፈች። ጠባብ ጥላዋ ማንጎውን ነክቶ ሄደ።

እማማ አሪየት ማሽኗን ነካች። ጨርቁ ተነፋ፣ ተነፋ፣ ክንዴን ጨመቀ፣ አልተኛም። ቀስ ብሎ መልቀቅ ጀመረ። ቁጥሩ ወጣ። ጮክ ብላ ጠራችው፣ ከልማድ ወደ አጥሩ ዞራ።

ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች።

“ደህና ነሽ” አለች። “ተነሺ፣ እናትሽ ትቀመጥ።”

ቦርሳዬን አንስቼ፣ የኢታንግ መኪና ካልወጣች ብዬ፣ በሸንበቆው ክፍተት ወጣሁ።